የተሸጠው ለቅሶ

ለንደን ውስጥ የሐበሻ ድግስ ተደግሶ ተክለአብ ካልተጠራ ድግሱ የተደገሰ አይመስልም። ሙሽራዋ ብትዘገይ ይታለፋል፤ ወጡ ቢያንስም ሰው ይስቃል እንጂ አይቀየምም። ተክለአብ ካሜራውን አንግቶ ካልመጣ ግን የሙሽራው እናት አዳራሹ በር ላይ ቆማ ስልኳን ትቀጠቅጣለች። ሰውየው ከሰኞ እስከ ዓርብ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ክፍል ነው የሚሠራው። ቅዳሜና እሑድ የሕዝብ ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምረቃ፣ ለቅሶ፣ ሁሉንም ይቀርጻል። ከዊልስደን እስከ ስቶክዌል በየሳሎኑ ከተሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ ግማሹ የእሱ እጅ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ለቅሶ ይቀረጻል ሲባል የሚደነግጥ ሰው ይኖራል። በስደት አገር ግን የተለመደ ነው። ሰው እዚህ ሲሞት እህቱ አዲስ አበባ ናት፣ ወንድሙ ጅማ፣ አክስቱ ደሴ። ቪዛ አውጥቶ ለቀብር መድረስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ማን ማን እንደመጣ፣ እናቲቱ እንዴት እንደሆነች፣ በወግ በማዕረግ መቀበሩን አይተው እርማቸውን እንዲያወጡ ቪዲዮ ይላክላቸዋል። ተክለአብ ለለቅሶ አስከፍሎ አያውቅም። «እግዜር ይስጥልን» ይሉታል፤ «ምን አደረግሁና» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ደስ ይለዋል ግን። ደግ መባልን የሚጠላ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም።

እውነቱን ለመናገር የተክለአብ ዓይን ተራ ዓይን ነው። ሙሽሮችን ሁልጊዜ ከአበባ ጀርባ ነው የሚያነሳቸው። ጆሮው ግን ሌላ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ድምፅ ይወዳል። ለካሜራው ያላወጣውን ገንዘብ ለማይክሮፎን አውጥቶ፣ ከሠርጉ ይልቅ የሠርጉን እልልታ ደጋግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «አሁንም ሠርግ ላይ ነህ?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ይህን ጆሮውን ወደ ሥራ የመለሰችለት ልጁ ሶልያና ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ኮምፒዩተር ላይ የምትሠራ፣ ጌም የምትወድ ልጅ ናት። ጌም ሠሪዎች ድምፁን ሁሉ ራሳቸው እንደማይቀርጹ የነገረችው እሷ ናት። ሲጢጥ የሚል በር፣ የገበያ ጫጫታ፣ ዝናብ፣ የሰው ሳቅ ተዘጋጅቶ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ አለ። ገዢው አንዴ ይከፍልና በሚሸጠው ጌም ውስጥ እንደፈለገ ያስገባዋል። ከቀራጩ የሚፈለገው ድምፁን ሱቁ ላይ ማውጣትና አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ሳጥኗ «ድምፁ የእኔ ነው፤ የተቀረጹትም ሰዎች ፈቅደዋል» ትላለች።

ተክለአብ እልልታውን አወጣ። ጭብጨባውን፣ ሆታውን፣ የአዳራሽ ልጆች ሩጫን አወጣ። ሳጥኗ ላይ ምልክት ሲያደርግ ሐሳብ አልገባውም፤ ካሜራ እያዩ እልል ያሉ ሰዎች አልፈቀዱም ይባላል እንዴ? ሰው ሲገዛለት ወኔው መጣና ለቅሶውንም ቆራርጦ አወጣ። እዚያ ላይ እንኳ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር። «ማን ያውቀዋል?» ብሎ አለፈው። ጨዋ ሰውን የምታሳስተው ይቺ «ማን ያውቀዋል» የምትባለው ናት።

ይህ ሁሉ ለትርፍ ብቻ አልነበረም። ወገቡ ሻንጣ ማንሳት እምቢ ብሎታል። ሱቁ ትንሽ ከጠና ሂትሮውን ተሰናብቶ ድምፅ እየቀረጸ ለመኖር አስቧል። ያን ሐሳብ ለማንም አልነገረም፤ ለራሱ ግን በየቀኑ ይነግረዋል።

አንድ ቀን ጌም ከሚሠራ ስቱዲዮ ኢሜይል መጣ። ድምፆቹን እንዳለ ገዝተው በአዲሱ ጌማቸው እንደተጠቀሙ፣ ጌሙ ሲያልቅ ከሚወጡት የሠሪዎች ስሞች መካከል የእሱም እንዲሰፍር እንደፈለጉ ጽፈው፣ ስሙ እንዴት እንዲጻፍ እንደሚሻ ጠየቁት። ተክለአብ ኢሜይሉን አውቶቡስ ላይ አነበበው፤ ወርዶም ፌርማታው ላይ ቆሞ ደገመው። ይህን ያህል ዘመን ሂትሮው ሲሠራ ባጁ ላይ ያለው ስም እንኳ እንደተሳሳተ ነው። ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጽፎ ላከላቸው።

እንግዲህ ሐበሻ ደስታን ብቻውን አይችለውም። የለንደን ሐበሾች ማኅበር የበጋ በዓል ስቶክዌል አዳራሽ ሲደረግ ሶልያና ላፕቶፗን ይዛ መጣች፤ አባቷ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቷል። ጌሙ የፈረሰ መንደሯን መልሳ ስለምትሠራ አንዲት ልጅ ነው። ሶልያና ቀድማ ተጫውታ መጨረሻው አካባቢ አድርሳዋለች፤ የቀረው ትንሽ ሆኖ ሰው ሳይሰለች የአባቷን ስም እንዲያይ ነው። ነጩ ግድግዳ ላይ ስዕሉ በራ። ልጆች ወንበር ተሻሙ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ እትዬ ፀሐይወርቅ ነበሩ። የስቶክዌል ሰው ሁሉ እናት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ምግብ በየሳህኑ እሳቸው ካልደለደሉ አይበቃም። ወንድ ልጃቸው ሳህሉ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። በጎልማሳነቱ ልቡ በድንገት ቆሞበት ሞተ፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ጥቁር ሻሽ አላወለቁም። ሳህሉ የተክለአብ ባልንጀራ ነበር። በየሠርጉ መብራት የሚይዝለት፣ ሲመሽ መኪናው ውስጥ ዕቃውን የሚጭንለት እሱ ነበር። ለቅሶውንም የቀረጸው ያው ተክለአብ ነው፤ ጅማ ላሉት እህቶቹ እንዲላክ እትዬ ፀሐይወርቅ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት።

ጌሙ ውስጥ የመንደሩ ሽማግሌ ሞቱ። ሰዎች ተሰበሰቡ። አዳራሹ ውስጥ ሥጋ የሚያኝከው ያኝካል፣ ስልኩን የሚያየው ያያል። ያኔ የሴት ለቅሶ ተሰማ፤ ዝቅ ብሎ የሚጀምር፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣና መጨረሻው ላይ የሚሰበር። ተክለአብ አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ «ውይ፣ እንዴት አድርገው ሠሩት» አለ። ተክለአብ ግን የራሱን ቅጂ በመጀመሪያው ትንፋሽ ለየው። የትኞቹን ድምፆች እንደተጠቀሙ ሳይጠይቅ ነው አገር የጠራው።

ዞር ሲል እትዬ ፀሐይወርቅ ጭልፋ እንደያዙ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ግድግዳውን አያዩም። እሱን ነው የሚያዩት። ለቅሶው እስኪያልቅ ሳይነቃነቁ ቆዩ፣ ከዚያ ተመልሰው ገቡ።

ስሙ ወጣ። ሰው አጨበጨበ፣ አንዷ እልል አለች፣ ሶልያና አቀፈችው። ተክለአብ ስሙን አላየውም። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ፀሐይወርቅ ሳህን ይዘው መጡ፤ እንደ ወትሮው አጥንቱን ለእሱ መርጠውለታል። «ብላ» ብለውት ሄዱ። ቢሰድቡት በቀለለው ነበር። እንዳይታዘቡት አንድም ሳያስቀር በልቶ ጨረሰው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሶልያና ነበረች የምትነዳው።

«ዳድ፣ ምን ሆንክ? ኔምህ ወጥቶ ደስ አላለህም?»

«ያ ለቅሶ» አለ፣ «የእትዬ ፀሐይወርቅ ነው። የሳህሉ ለቅሶ ነው።»

መብራት ይዟቸው ነበር። አረንጓዴ ሆኖም መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ ከኋላ ጡሩምባ ተነፋ።

«አስክ አድርገሃቸው ነበር?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«ባት ሳጥኑን ቲክ አድርገሃል።»

«አድርጌያለሁ።»

«ዳድ» አለች፤ ከዚያም ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ ነዳች። 

በማግስቱ ለቅሶውን ከሱቁ አወረደው። ማውረዱ ቀላል ነው። የሱቁን ደንብ በደንብ ያነበበው ግን ያን ዕለት ነበር፦ አንዴ የተሸጠ የመጠቀም ፈቃድ አይመለስም። ቀድመው የገዙት ሁሉ እንደገዙ ይቀራሉ፤ እነማን እንደሆኑም አይነገረውም። በኢራን ይሁን በብራዚል፣ በየትኛው ጌም ውስጥ እትዬ ፀሐይወርቅ ለማን እያለቀሱ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ይህን ሲያስብ ፊቱ ይግላል። ሻንጣ እያነሳ ይግላል፣ ፊቱን እየታጠበ ይግላል።

ለስቱዲዮው እውነቱን ጻፈ። የድምፅ ኃላፊዋ ጨዋ ሴት ናት፤ አልተቆጣችም። ነገሩን በሁለት መንገድ መጨረስ እንደሚቻል ጻፈችለት። የድምፁ ባለቤት ወረቀት ላይ ከፈረሙ ለቅሶው ይቆያል፣ የእሳቸውም ስም ይገባል። ካልፈረሙ በሚቀጥለው አፕዴት፣ ማለትም ጌሙ ሲታደስ፣ ይወጣል፤ ነገር ግን ፈቃድ አለ ተብሎ የተነገረው ሐሰት እንደነበረ ለሱቁ ማሳወቅ ግድ ነው። ሱቁ ደግሞ እንዲህ ያደረገን ሰው እስከ ወዲያኛው ይዘጋዋል። የሚፈረመውን ወረቀት አያይዛ ላከችለት።

ተክለአብ ወረቀቱን አተመው። እዚህ ላይ የገባው ክፉ ሐሳብም ይነገር። የስንቱን አሮጊት የካውንስል፣ የእኛ ቀበሌ እንደማለት ነው፣ ፎርም የሚሞላው እሱ ነው። «አንተው ፈርምልኝ» ሲሉት ስንቴ እየሳቀ ፈርሟል። እትዬ ፀሐይወርቅም አንዴ ብለውታል። ስማቸው እንዴት እንደሚፈረም ያውቃል። እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር። አስቀመጠው፤ ያስቀመጠውም ከጨዋነት ይልቅ ያ ጭልፋ ትዝ ብሎት ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተና ቅዳሜ ከሰዓት ስቶክዌል ሄደ። ባዶ እጁን ላለመግባት ብርቱካን ገዛ።

እትዬ ፀሐይወርቅ በሩን ከፍተው ብርቱካኑን ተቀበሉት።

«መቼ ይመጣ ይሆን እያልኩ ነበር። ግባ።»

ሻይ ቀረበለት። ስኳሩን ሲያማስል ማንኪያው ብርጭቆውን መታው፤ ድምፁ በዛበትና ተወው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ» አለ።

«አውቃለሁ። የገዛ ድምፄን አላውቀውም ብለህ ነው?»

«እርስዎን ሳልጠይቅ ነው የሸጥኩት። ማንም አያውቀውም ብዬ ነው። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።»

«ስልክህ ላይ አለ?»

«አለ።»

«እስቲ አሰማኝ። ያን ቀን ሰው ይንጫጫ ነበር፣ በደንብ አልሰማሁትም።»

ተክለአብ ከፈተው። እትዬ ፀሐይወርቅ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሐኪም ውጤት እንደሚነግረው ሰው ጎንበስ ብለው አዳመጡ። አለቀ።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

«ስሙስ የታለ?» አሉ።

ተክለአብ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ስሙን ጠርቼዋለሁ እኮ። መሐል ላይ ሳህሌ ብዬ ጠርቼዋለሁ። አልረሳሁም። የት ሄደ?»

ቆርጦት ነበር። ጌም ሠሪዎች ቃል ያለበት ድምፅ አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ለየትኛውም አገር፣ ለየትኛውም ሬሳ የሚሆን ጩኸት ነው። ኮምፒዩተሩ ፊት ቁጭ ብሎ «ሳህሌ» የምትለዋን ከዚህም ከዚያም ቆርጦ አወጣ፤ ሁለቱን ትንፋሽ አያይዞ ሰፋው። ስፌቱ ጨርሶ እንዳይሰማ ብዙ ደከመበት። ሲጨርስም ደጋግሞ ሰምቶ በእጁ ሥራ ተደስቶ ነበር። አሁን የሚያንገበግበው መሸጡ ብቻ አልነበረም። ያ ደስታው ነው።

«ቆረጥኩት» አለ።

«ለምን?»

«የሚገዙት ቃል አይፈልጉም።»

 ቁጣ ፊታቸው ላይ አልታየም፤ ግራ የተጋቡ ነበር የሚመስሉት።

«እኔ እኮ ዝም ብዬ አልጮህኩም» አሉ። «እሱን ነው የጠራሁት። እሱ ከወጣ እዚያ ውስጥ የምጮኸው ለምንድነው?»

ተክለአብ ከኮቱ ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሁሉንም ነገራቸው፦ ቢፈርሙ ምን እንደሚሆን፣ ባይፈርሙ ምን እንደሚሆን፣ ሱቁ እንደሚዘጋበት፣ ወገቡን ሳይቀር። ወገቡን ሲያነሳ አፈረ።

«ስሜን ይጽፋሉ አልክ?»

«አዎ፣ ይጽፋሉ።»

«የኔ ስም ምን ያደርግላቸዋል? የሱን ስም ለቅሶው ውስጥ ይመልሱት፤ ያኔ እፈርማለሁ። አንመልስም ካሉ ያውጡት።» ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። «ሻይህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘ።»

ጥያቄውን እንዳለ ጻፈው። ኃላፊዋ መልሷን ያዘገየችው ከባልደረቦቿ ጋር ተማክራ ይመስላል። ጌሙ ውስጥ የሚሞቱት ሽማግሌ ሌላ ስም አላቸው፤ በሌላ ሰው ስም ሊለቀስላቸው አይቻልም። እናትየው የጠየቁት ትክክል እንደሆነ ይገባናል፣ ስለዚህ እናወጣዋለን አለች። በዚያው ቀን ተክለአብ ለሱቁ «ፈቅደዋል ያልኩት ውሸት ነው» ብሎ ጻፈ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ግን ምሳ ሰዓቱን በሙሉ ፈጀበት። እልልታው፣ ሆታው፣ የልጆቹ ሩጫ፣ ሁሉም ከነሱቁ ተዘጋ።

አፕዴቱ ሲወጣ ሶልያና ቼክ አድርጋ ነገረችው። «አሁን ንፋስ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ዳድ። ኔምህ ግን አሁንም አለ። ሌሎቹን ድምፆች ስለተጠቀሙ ነው።» እሱም የወገብ መቀነቱን አጥብቆ ወደ ሂትሮው ሄደ። ቀለል ይለኛል ብሎ ነበር፤ አልቀለለውም። ስሙን ከዝርዝሩ እንዲሰርዙለት ጠየቀ፤ ለሠራኸው ሥራ የሚገባህ ነው ብለው በትሕትና መለሱለት። ሰው የሚገባውን ሲያገኝ እንዲህ ያፍራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

እትዬ ፀሐይወርቅ ስልክ ደወሉ። ለቅሶው ከጌሙ መውጣቱን ሲነግራቸው «ጥሩ» አሉ። «ሙሉው ግን አንተ ጋ አለ አይደል? ያልተቆረጠው? አምጣልኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄደ። ትንሽ ድምፅ ማጉያውን ሳሎኑ መሐል አስቀመጠና አገናኘው፤ ከዚያ ለብቻቸው ሊተዋቸው ወደ በሩ አለ።

«ወዴት ነው? ተቀመጥ» አሉት። «ለቅሶ ቤት ገብቶ ቆሞ የሚወጣ የለም።»

ተቀመጠ። የለቅሶው አዳራሽ ተሰማ፤ የወንበር ጉተታ፣ የሴቶች ማጉረምረም፣ የሚያባብል የቄስ ድምፅ። ከዚያ የእትዬ ፀሐይወርቅ ለቅሶ ከታች ተነሳ። ተክለአብ እያንዳንዷን ትንፋሽ ያውቃታል፤ የት እንደምትወጣ፣ የት እንደምትሰበር፣ የት ላይ ቢላው እንዳረፈ ያውቃል። ወደዚያ ቦታ ሲቃረብ እጆቹን አጣምሮ ያዘ። ድምፁ ወጣ፣ ወጣና «ሳህሌ» አለ።

ያ መብራት ይዞለት የሚቆመው ሰው፣ ሙሽሮች ሲንቀባረሩ ከኋላ ሆኖ ዓይኑን የሚጠቅስለት ሰው፣ መሞቱ የዚያን ጊዜ ገና የተነገረው ይመስል ተክለአብ ደረቱ ተናጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ልያዘው ቢል አልያዝለት አለ። ቅጂው አልቆ ሳሎኑ ጸጥ ካለ በኋላም እሱ አላቆመም።

እትዬ ፀሐይወርቅ አላባበሉትም፣ አልከለከሉትምም። እስኪበቃው ጠብቀው ሶፍቱን ወደሱ ገፋ አደረጉለት።

«ያን ቀን ካሜራ ይዘህ ነበር» አሉ። «አላለቀስክለትም ነበር።»